ጸጥ ያለ የፈረንሳይ ወንዝ ዳር ለግራቭል ብስክሌት፦ ሎት ይሻላል ሴሌ?

ሰብለ_ፍራንክፈርት፦

ሰላም ለሁላችሁ።

አምና ግራቭል ብስክሌት ገዛሁ፤ ለአስፋልትም ለጠጠር መንገድም የሚሆነውን። ጎማው 40 ሚሊ ሜትር ነው። እስካሁን እዚሁ ታውኑስ ጫካ ውስጥ ነው የምነዳው። አሁን ነሐሴ ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ልንወርድ አስበናል። እሱ ሊዮን ነው የሚኖረው።

የምንፈልገው ወንዝ ዳር፣ ገጠር፣ መኪና የማይበዛበት ቦታ ነው። ድንኳን አንይዝም፤ ቀን ነድተን ማታ አልጋ ላይ መተኛት ነው ሐሳባችን። መጀመሪያ ዶርዶኝ ብለን ነበር። ነሐሴ ላይ ምን ያህል ሰው እንደሚጎርፍበት ስንሰማ ተውነው። ከዚያ ካርታ ላይ ሎት የሚባለውን ወንዝ አገኘን። ወደ እሱ የምትገባ ሴሌ የምትባል ትንሽ ወንዝም አለች። የቷ ትሻላለች? ወንዝ ዳር ያለው መንገድ ፒስታ ነው ወይስ አስፋልት?

ሌላው ጭንቀቴ፣ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው። ወንድሜ አይጾምም፣ እኔ ግን እጾማለሁ። አገሩ በዳክዬና በአይብ የታወቀ ነው ሲሉኝ ከአሁኑ ራበኝ። ነድቶ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

—

ጋጋሪው_ቱሉዝ፦

ሰብለ እህቴ፣ ሴሌን ያዢ። ሎትን መግቢያ አድርጊው፣ ዋናው ጉዞሽ ግን ሴሌ ይሁን።

እኔ ቱሉዝ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። ዕረፍቴ ሰኞ ነው። ሰኞ ሲሆን ብስክሌቴን ባቡር ላይ ጭኜ ካኦር ወይ ፊዣክ እወርዳለሁ። አካባቢውን የማውቀው በዚህ ነው።

ስለ መንገዱ የጠየቅሽው ትልቁ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ወንዝ ዳር ያለው ሁሉ ኮረኮንች ይመስለዋል። ሴሌን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ዲ41 ይባላል፤ ንጹህ አስፋልት ነው። ያምራል፣ በጠዋት መኪና የለበትም፣ አንድ ጎኑ ወንዝ፣ ሌላው ጎኑ ገደል ነው። ግን ለዚያ ግራቭል ብስክሌት አያስፈልግም። ፒስታው ያለው ላይ ነው። ከወንዙ ግራና ቀኝ ገደሉን ስትወጪ አምባ ታገኛለሽ። እነሱ ኮስ ይሉታል። እዚያ ላይ በድንጋይ ካብ መሀል የሚሄድ ነጭ የጠጠር መንገድ ሞልቷል። በጎች፣ አጫጭር የባሉጥ ዛፎች፣ ጥድ፣ አለቀ። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ነድቼ አንድ ትራክተር ነው የማገኘው።

አምባው ላይ ለምን ሰው የለም ብለሽ ከጠየቅሽ፣ ነገሩ ውሃ ነው። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ ይገባል፤ የሚወጣው ታች ሸለቆው ውስጥ በምንጭ መልክ ነው። ስለዚህ መንደሩም፣ ዳቦውም፣ ቧንቧውም፣ አልጋውም በአብዛኛው ታች ነው። ላይ ያለው ድንጋይና ጸጥታ ነው። የጉዞሽ ዕቅድ በሙሉ ከዚህ ይነሣል። በጠዋት ትወጫለሽ፣ ፀሐይ ሳትበረታ አምባውን ትነጃለሽ፣ ከዚያ ለዳቦና ለውሃ ትወርጃለሽ። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ያ ነጭ ድንጋይ ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ፊትሽ ላይ ነው የሚተፋው። ከሰዓት በኋላ ላይ መገኘት የለብሽም። ከሰዓት ሴሌ ውስጥ እግርሽን ነክረሽ መቀመጥ ነው።

አቀበቱ አያስፈራሽ። ከሸለቆው እስከ አምባው 200 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው። አጭር ነው፣ ግን ጠጣር ነው። ቀለል ያለ ማርሽ ይኑርሽ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጠጠሩ ይንሸራተታል፤ በፊቱ ፍሬን አትተማመኚ።

መንገዱን እንዲህ ብታደርጊው። ባቡሩ ካኦር ያወርድሻል። ከጣቢያው ትንሽ ሄደሽ ቫላንትሬ የሚባለውን ድልድይ ታያለሽ፤ ሦስት ግንብ ያለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይ ነው። ከተማው ላይ ብዙ አትቆዪ። ሎትን ሽቅብ ተከትለሽ በቬር በኩል ቡዚዬስ ትደርሻለሽ። ሴሌ ወደ ሎት የምትገባው እዚያው አጠገብ ኮንዱሼ የሚባል ቦታ ላይ ነው። እስከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓይን ማሟሻ በይው።

ቡዚዬስ ላይ ግን ውረጂ። ከዚያ ወደ ሳን ሲር ላፖፒ የሚወስድ ገደል ተፈልፍሎ የተሠራ የእግር መንገድ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተቆፈረ ነው። ድሮ ወይን የጫኑ ጠፍጣፋ ጀልባዎች በሎት ወደ ቦርዶ ይወርዱ ነበር። ሲመለሱ ወንዙን ሽቅብ በገመድ የሚጎትታቸው ሰው ወይም እንስሳ ነበር። የሚጎትተው መሄጃ ስላልነበረው ነው አለቱን የፈለፈሉት። ጣሪያው ከራስሽ በላይ አለት ነው፣ ከጎንሽ ወዲያው ውሃ ነው። የመሮው ጠባሳ አሁንም ይታያል፤ እጅሽን ብታሳርፊበት ሸካራነቱ ይሰማሻል። እዚያ ላይ ብስክሌት አትንጂ። ጠባብ ነው፣ ነሐሴ ላይ ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ይሞላዋል። እየገፋሽ ሂጂ፣ ወይም ብስክሌቱን ቡዚዬስ ቆልፈሽ በእግርሽ ደርሰሽ ተመለሺ። ሳን ሲር ላፖፒ ራሷ ገደል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ውብ መንደር ናት፣ ግን እኩለ ቀን ላይ መርካቶ ናት።

ከዚያ ካብረሬ እደሪ። ማግስቱን በጠዋት ከካብረሬ ወደ አምባው ውጪ፤ በኦርኒያክና በብላር በኩል ዞረሽ ማርሲያክ ትወርጃለሽ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከወንዙ ማዶ ወዳለው አምባ፦ ሳን ሼል፣ ግሬያሉ፣ ቤዱዌ፣ ከዚያ ፊዣክ። ግሬያሉ አጠገብ ዶልመን አለ፤ ሰዎች በቅድመ ታሪክ ዘመን ትልልቅ ድንጋይ አቁመው፣ ከላይ አንድ ጠፍጣፋ ጋርደው የሠሩት መቃብር ነው። ወደ ስፔን ወደ ቅዱስ ያዕቆብ የሚሄዱ ተሳላሚዎችም በዚያ ነው የሚያልፉት።

ይሄ ለአንቺ ትልቅ ጥቅም አለው። በሴሌ ሸለቆም የተሳላሚዎቹ መንገድ አንድ ቅርንጫፍ ያልፋል። ስለዚህ በየመንደሩ ለእግረኛ ተብሎ የተዘጋጀ ርካሽ ማደሪያ አለ፤ ዢት ይባላል። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አልጋ፣ ብዙ ጊዜ ማብሰያም አለው። ነሐሴ ላይ ግን ደውለሽ ያዢ። ቀይና ነጭ መስመር ያለበትን የእግረኛ ምልክት ዓይንሽን ጨፍነሽ አትከተዪ፤ አንዳንዱ ቦታ ብስክሌት መሸከም ነው። ሁለት የውሃ ጠርሙስ ያዢ። ሲያልቅብሽ የመቃብር ቦታ ፈልጊ፤ የፈረንሳይ መቃብር ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧ አለው፣ ብስክሌተኛ ሁሉ ያውቀዋል። "የማይጠጣ" የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን ተዪው።

ስለ ምግቡ በኋላ እመለሳለሁ፤ ሊጥ ጠብቆኛል።

—

ጎሚስታው፦

ጋጋሪው መንገዱን ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ጎማ ልናገር።

የኖራ ድንጋይ ስለታም ነው። የእንጦጦ ድንጋይ ይሻላል፣ ቢያንስ ይንከባለላል። ያኛው ቆሞ ነው የሚጠብቅሽ። ጎማሽ ቲዩብለስ (ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ) ካልሆነ ከመሄድሽ በፊት አስደርጊው፤ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽም አዲስ አስሞዪ። 70 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው፣ በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ከኋላ 2.3 ባር፣ ከፊት 2.1 ባር ጥሩ መነሻ ነው። ድንጋዩ ቸርኬውን ከነካው ትንሽ ጨምሪ። ፈሳሽ አለኝ ብለሽ ግን የውስጥ ጎማ ሳትይዢ እንዳትወጪ። የጎማው ጎን ከተቀደደ ፈሳሽ አያድነውም። ቅዳጁን ከውስጥ የምትሸፍኚበት ቁራጭ ጎማም ያዢ።

ካቴናሽን በደረቅ ቅባት ቀቢ። ያ ነጭ አቧራ ከወፍራም ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊጥ ይሆናል፤ ለጋጋሪው ነው የሚሆነው።

ዝናብ ከጣለ ደግሞ ላይ አትውጪ። እርጥብ የኖራ ድንጋይ ሳሙና ነው።

—

ሎዋር_ይሻላል፦

ለምን ራሳችሁን ታሠቃያላችሁ? ሎዋር ወንዝ አለላችሁ እኮ! 900 ኪሎ ሜትር ምልክት የተደረገበት የብስክሌት መንገድ፣ ሜዳ፣ በየመንደሩ ዳቦ ቤት፣ በየከተማው ባቡር። እኔና ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ከብሉዋ እስከ ቱር ነዳን፤ አንድም አቀበት የሚባል አላየንም። ከጎርፍ መከላከያው ግድብ ላይ ሆነሽ ወንዙን እያየሽ ነው የምትሄጂው። ድንጋይ ፍለጋ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አልገባኝም። ድንጋይ አገር ቤት ሞልቷል።

—

ጋጋሪው_ቱሉዝ፦

@ሎዋር_ይሻላል ወንድሜ፣ ከልጆች ጋር ከሆነ ሎዋር ነው፤ በዚህ አልከራከርህም። ግን እህታችን ጸጥታ ነው የጠየቀችው። ነሐሴ ላይ ሎዋር ዳር ሰላምታ ስትመልስ ነው የምትውለው።

—

ሰብለ_ፍራንክፈርት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጋጋሪው፣ "ለዳቦና ለውሃ ትወርጃለሽ" ያልከው ገብቶኛል፤ ካርታውን እንደገና ከፍቼ ሳየው ሁሉም ነገር ልክ መጣልኝ። ከላይ የመንደር ስም እምብዛም የለም።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ካብረሬ አጠገብ ዋሻ አለ ይባላል፤ ጊዜ ልስጠው? ሁለተኛ፣ ያ የምግብ ጉዳይ። ሦስተኛ፣ ባቡሩ። ወንድሜ ደግሞ የእሽቅድምድም ብስክሌቱን ይዤ እመጣለሁ ይላል፤ ጎማው 28 ነው።

—

ጎሚስታው፦

28?! ወንድምሽ ከአንቺ ጋር ጠብ አለው እንዴ?

—

ጋጋሪው_ቱሉዝ፦

ከዋሻው ልጀምር፤ ለእሱ ጊዜ ስጪው። ፔሽ ሜርል ይባላል። በ1922 የመንደር ልጆች ናቸው ያገኙት፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ። ውስጡ ግድግዳ ላይ ሁለት ነጠብጣብ ፈረሶች አሉ። 29,000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። የቀኙን ፈረስ ራስ ልብ ብለሽ እዪው። አለቱ ራሱ በተፈጥሮው የፈረስ ራስ ቅርጽ አለው፤ ሠዓሊው ያንን አይቶ ነው እዚያ ላይ የሣለው። ዙሪያውን የእጅ ምልክት አለ፦ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቀለም ረጭተውበት የቀረ። ቅጂ አይደለም፣ ዋናውን ነው የምታዪው። ለዚህ ነው በቀን ከ700 ሰው በላይ የማያስገቡት። ነሐሴ ላይ ቲኬቱን ቀድመሽ በኢንተርኔት ቁረጪ። ከካብረሬ ወደ ዋሻው ያለው መንገድ ቀጥ ያለ አቀበት ነው፣ ግን ለማንኛውም ወደ አምባው ስትወጪ መንገድሽ ላይ ነው። በላብ ርሰሽ እንዳትገቢ፤ ውስጡ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጃኬት ያዢ።

አሁን ምግብ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው። እኔም የምጾመው እዚሁ ስለሆነ ነገሩን አውቀዋለሁ።

ዳቦ አያስጨንቅሽ። "ትራዲሲዮን" የሚል ስም ያለው ባጌት በ1993 በወጣ ድንጋጌ የሚጋገር ነው፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ክሯሳን ግን ሙሉ በሙሉ ቅቤ ነው፣ አትጠጊው። "ቪዬኑዋዝሪ" (ክሯሳንና መሰሎቹ) በሚለው በኩል ያለውን ሁሉ እለፊው። ኦቾሎኒ የለመድን ሰዎች ነን፣ እዚያ ደግሞ ዋልነት ሞልቷል። የዋልነት ዳቦ ካገኘሽ ቅቤ እንዳለበት ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የለበትም። የኬርሲ (የአካባቢው ስም ነው) ሜሎን ነሐሴ ላይ ነው የሚበላው፤ አንዱን ለሁለት ከፍላችሁ በማንኪያ ብሉት። ቲማቲም፣ የዋልነት ዘይት፣ ዳቦ፣ ሜሎን፤ የእኔ ምሳ ይሄ ነው።

ወጥመዱ ምግብ ቤት ነው። ሰላጣ ስታዢ የዳክዬ ጨጓራ ከላይ ተበትኖ ይመጣል። ድንች ጥብስ ብለሽ ስታዢ በዳክዬ ስብ የተጠበሰ ነው። ድንች ስለሆነ ጾም ይመስላል፣ አይደለም። "ግሬስ ደ ካናር" አለበት ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ የዳክዬ ስብ ማለት ነው። "ቬጋን" የሚለውን ቃል አሁን ገጠርም ይረዱታል፣ ግን የሚያቀርቡልሽ ነገር ላይኖራቸው ይችላል። ለዚህ ነው ማብሰያ ያለበት ማደሪያ ያዢ የምልሽ። ምስር በየሱቁ አለ። በርበሬሽን በትንሽ ብልቃጥ ይዘሽ ነይ።

ደግሞ በሶ ያዢ። ምን ጄል ምን ባር ትገዣለሽ? በሶ በስኳር በጠርሙስ በጥብጠሽ አምባው ላይ ስትጠጪ ትረጂኛለሽ። ወንድምሽም ይለምንሻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ግን በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መንዳት አይሞከርም፤ ከመምጣትሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም።

የሱቅ ሰዓት ልብ በይ። የመንደር ዳቦ ቤት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋል። ከሰዓት ከከፈተ ጥሩ፤ ካልከፈተ እስከ ማግስቱ ነው። ብዙዎቹ በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋሉ፣ ሰኞ የሚዘጋው ብዙ ነው። እኛም ሰው ነን፣ እንተኛ። ኦገስት 15 ደግሞ እነሱ ጋ የማርያም ዕርገት በዓል ነው፣ አገሩ ሁሉ ይዘጋል። የእኛ እስኪደርስ ሳምንት ይቀረዋል፣ የእነሱ ግን ዳቦሽን ያስቀርብሻል። ከዋዜማው ገዝተሽ እደሪ።

ለወንድምሽ መላ አለኝ። እሱ ዲ41ን ይዞ በአስፋልት ይሂድ፤ ለ28 ጎማ የተሠራ መንገድ ነው። አንቺ በአምባው ዞረሽ ማርሲያክ ላይ ተገናኙ። እዚያ የፈረሰ ገዳም አለ፤ ግማሹ ጣሪያ የለውም፣ ግማሹ አሁንም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከወንዙ ዳር ጥላ አለ። የቀደመ ሜሎን ይግዛ። የሚያሳስበኝ አንቺ ብቻሽን ላይ መሆንሽ ነው፤ ስልክ በየቦታው አይሠራም። ካርታውን ስልክሽ ላይ አውርደሽ ያዢ፣ የትኛው መንደር በስንት ሰዓት እንደምትደርሺም ንገሪው። የበግ አጥር በር ስታገኚ ከፍተሽ ስታልፊ መልሰሽ ዝጊ። በጎቹን ታውቂያቸዋለሽ፤ ነጭ ናቸው፣ ዓይናቸው ዙሪያና ጆሯቸው ጥቁር ነው። መነጽር ያደረጉ ነው የሚመስሉት። ቆመው ያዩሻል፣ አይነኩሽም።

ፊዣክ ስትደርሱ አንድ ግማሽ ቀን ተርፏችሁ ከሆነ የሻምፖሊዮንን ቤት እዩ። የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት የፈታው ሰው ነው፤ በ1790 የተወለደው እዚያ ነው። በ1822 ምስጢሩን ሲያገኝ አንዱ መሣሪያው ቅብጥኛ ነበር፤ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን የምትቀድስበት ቋንቋ። ጎኑ ያለው አደባባይ መሬቱ በሙሉ ጽሕፈቱን ለመፍታት የረዳው የሮዜታ ድንጋይ ቅጂ ነው፣ በላዩ ላይ ትሄጃለሽ። ብስክሌቱን ግን ግፊው።

ባቡር። ከፍራንክፈርት እስከ ፓሪስ ያለው ባቡር ብስክሌት ይቀበል እንደሆነ ትኬት ሳትቆርጪ አረጋግጪ። ካልተቀበለ ጎማዎቹን ፈትተሽ 130 በ90 ሴንቲ ሜትር ቦርሳ ውስጥ ካስገባሽው ፈጣኑ የፈረንሳይ ባቡር ላይ እንደ ሻንጣ ይሄዳል። ፓሪስ ኤስት ጣቢያ ስትወርጂ ገጣጥመሽ በሳን ማርታን ቦይ ዳር ወደ ባስቲል ንጂ፤ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ከኦስተርሊትዝ ወደ ካኦር ኢንተርሲቴ የሚባለው ባቡር አለ፣ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። እዚያ ላይ ብስክሌት ሳይፈታ ይሰቀላል፣ ግን ቦታውን በ10 ዩሮ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። ስትመለሺ ካኦር መመለስ አያስፈልግም። ድሮ ሎትን ተከትሎ ከካኦር ፊዣክ አጠገብ እስካለው ካፕዴናክ የሚደርስ ሐዲድ ነበር፣ ተዘግቷል። ከፊዣክ ወደ ብሪቭ የሚሄደውን የክልል ባቡር ያዢ፤ ብሪቭ ላይ የፓሪሱን ታገኚዋለሽ።

—

ሰብለ_ፍራንክፈርት፦

ወንድሜ የጎሚስታውን መልስ አንብቦ ብስክሌት ሊከራይ ነው 😄 35 ጎማ ያለው አገኘሁ ይላል። ይበቃል?

—

ጎሚስታው፦

ይበቃል። ቀስ ይበል፣ ቁልቁለት ላይ ካንቺ ኋላ ይሁን። የተከራየውን ፍሬን ከመነሣቱ በፊት ይፈትሽ፤ ሸራው ያለቀ ብስክሌት ለዚያ ቁልቁለት አይሆንም።

—

ጋጋሪው_ቱሉዝ፦

የኢንተርሲቴውን ትኬት ግን ዛሬ ቁረጪ። ለሰው ወንበር ይገኛል፤ ቶሎ የሚያልቀው የብስክሌቱ ቦታ ነው።